ጤና ኬላዋን የተሸከሙ ሁለት ሴቶች

በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ፣ በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከአንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጋር ግማሽ ቀን በእግር ሄጃለሁ። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነሣን። የጤና ኬላው ማቀዝቀዣ ከተበላሸ ወራት አልፎታል፤ ስለዚህ ክትባቱ የሚመጣው ከጤና ጣቢያው ነው። መንገዱ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ቁልቁለቱ ጉልበት ይፈትናል፣ ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል።

ጤና ጣቢያው ስንደርስ ተረኛው ባለሙያ የበረዶ ጥቅሎቹን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ደረደረላት። ወዲያው ሳጥን ውስጥ አልከተተቻቸውም። ጥቂት ጠብቃ አንድ በአንድ ወደ ጆሮዋ እያስጠጋች ነቀነቀቻቸው። ምን እየሰማች እንደሆነ ጠየቅኋት። ውስጡ ውኃ መንቀሳቀስ ሲጀምር ነው የሚገባው፤ ጥጥር ያለ በረዶ ከነካው አንዳንዱ ክትባት ይበላሻል አለችኝ። ከዚያ ብልቃጦቹን ደርድራ፣ የሰማያዊውን ሳጥን ክዳን ገጥማ፣ ማንገቻውን ትከሻዋ ላይ ጣለችው። ስንመለስ ገደሉ አፋፍ ላይ «ልያዝልሽ» ብላት እምቢ አለች። «ቢወድቅ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለችኝ።

ጤና ኬላው በር ላይ ስንደርስ አራት ሰዓት አልፏል። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው፣ ዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠው ይጠብቃሉ። እነሱን የሰበሰበቻቸው ሌላ ሴት ናት፤ ዕድሜዋ ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያገለደመች፣ የጎጧ የሴቶች ልማት ቡድን መሪ። ዋዜማውን ቤት ለቤት ዞራ «ነገ ክትባት ነው፣ ካርዱን እንዳትረሺ» ስትል አምሽታለች። በዚያን ቀን ወረፋ ስታስይዝ፣ የሚያለቅስ ሕፃን ስትቀበል፣ ካርድ ስታቀብል ዋለች። ኤክስቴንሽኗ «እትዬ፣ የማን ልጅ ቀረ?» ስትላት መዝገብ ሳታይ ከነቤቱ ትጠራለች፤ «የእንትና ልጅ አልመጣም፣ እናቱ ወደ ገበያ ወርዳለች፣ ማታ እሄዳለሁ» ትላለች። ሥራው አሥር ሰዓት ላይ አለቀ። አንደኛዋ መዝገቧን ዘግታ ሪፖርቷን መሙላት ጀመረች፤ ሌላዋ እንጀራ ስላልጋገረች እየተጣደፈች ወደ ቤቷ ሄደች።

የመጀመሪያዋ ደመወዝተኛ ናት፤ ደመወዟ ትንሽ ነው። ሁለተኛዋን ግን ስጠይቃት ለሰባት ዓመት ስትሠራ አንድም ብር በእጇ ገብቶ እንደማያውቅ ነገረችኝ።

በዚያው ሰሞን የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ጠያቂዎች በየክልሉ ቤት ለቤት እየዞሩ ነበር። ያገኙት ውጤት ይህ ነው፤ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት አምስተኛ ዓመታቸውን ሳይደፍኑ የሚሞቱት 59 ሆነዋል። በ1992 ዓ.ም. ይኸው ቁጥር 166 ነበር። ያን ጊዜ በጤና ተቋም የሚወልዱት ከ100 እናቶች አምስቱ ብቻ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. 48 ደረሱ። ዘመናዊ የወሊድ መቆጣጠሪያ የሚጠቀሙ ባለትዳር ሴቶች በ1992 ከ100 ስድስት ነበሩ፣ በ2011 ዓ.ም. 41 ሆኑ። ከ100,000 ወሊድ 871 እናቶች ይሞቱበት የነበረው አገር በ2008 ዓ.ም. ጥናት 412 ላይ ወርዷል። አራት መቶ አሥራ ሁለት እናቶች ዛሬም የሚያስለቅስ ቁጥር ነው። ግን በአንድ ትውልድ ውስጥ ይህን ያህል መውረድ ቀላል ነገር አይደለም።

ለዚህ ለውጥ መንገዱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ የውጭ ርዳታውም፣ አንጻራዊ ሰላሙም ድርሻ አላቸው። ቤት ለቤት የሄደው እግር ግን የሴት እግር ነው። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። የኢትዮጵያ የጤና ለውጥ በርካሽ የተገኘው የሴቶች ጉልበት ረክሶ ስለተቆጠረ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው መንገድ ደግሞ በዚያው ዋጋ አይገፋም። ምልክቱም ታይቷል። ክትባታቸውን በሙሉ ያገኙ ሕፃናት በ2008 ዓ.ም. ከ100 ውስጥ 39 ነበሩ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ 43 ብቻ ሆኑ። ከመቶ የቀሩትን ሃምሳ ሰባት ሕፃናት ለማግኘት ከቀድሞው የበለጠ መንገድ መሄድ፣ ከቀድሞው የበለጠ በር ማንኳኳት ያስፈልጋል። ያንን መንገድ የሚሄደው ማን እንደሆነ፣ ምን እየተከፈለውም እንደሚሄድ መነጋገር ያለብን ለዚህ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለገጠሩ ሰው ሐኪም ማለት በቅሎ ተጭኖ የሚደረስበት፣ ከተማ ያለ ሰው ነበር። ሐሳቡ ቀላልና ደፋር ነበር። 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴት ልጆች ከዚያው ከአካባቢው ይመለመላሉ፣ አንድ ዓመት ይሠለጥናሉ፣ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው ይመደባሉ። አንድ ጤና ኬላ ወደ 5,000 ሰው ያገለግላል። በአራት ዘርፍ የተከፈሉ 16 ፓኬጆች ተሰጧቸው፤ ከመጸዳጃ ቤት ቁፋሮ እስከ ክትባት፣ ከአጎበር አሰቃቀል እስከ ቤተሰብ ምጣኔ። ከጊዜያቸው ሦስት አራተኛውን ከጤና ኬላው ውጭ፣ በሰው ቤት እንዲያሳልፉ ታቀደ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30 ሺህ በላይ ሴቶች ሥራ ላይ ተሰማሩ።

ለምን ሴቶች? መልሱ ምክንያታዊ ነበር። በሥራው ዋናዎቹ ተገልጋዮች እናትና ሕፃን ናቸው፤ ባል እርሻ በሄደበት ሰዓት ጓዳ ገብታ ስለ ወሊድና ስለ እርግዝና የምታወራው ሴት ናት። በአፋርና በሶማሌ ባሉ አርብቶ አደር አካባቢዎች የተማረች ሴት ስትጠፋ ወንዶችም ተመልምለዋል።

እዚህ ላይ ለመንግሥት የሚገባውን ምስጋና ሳልሰጥ ማለፍ አልፈልግም። ብዙ አገሮች የመንደር ጤና ሠራተኞቻቸውን «በጎ ፈቃደኛ» ብለው ሲያሠሩ ኢትዮጵያ እነዚህን ሴቶች የመንግሥት ሠራተኛ አድርጋ ቀጠረች። የዚህን ትርጉም የሚያውቅ ገጠር ያደገ ሰው ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ከ25 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ከ100 ውስጥ 58ቱ 18 ዓመት ሳይሞላቸው የተዳሩ ነበሩ። ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 48 በመቶው ትምህርት ቤት ደጅ አልረገጡም ነበር። በእንዲህ ያለ አገር ከጎረቤት የወጣች ልጅ፣ ቦርሳ አንግታ፣ በወር መጨረሻ ደመወዝ ፈርማ ስትቀበል ያየ አባት ልጁን ስለ መዳር የሚያስበው ሐሳብ ይናወጣል። እናቶች «እንደ እሷ እንድትሆኚ» እያሉ ልጆቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት ሲሸኙ ሰምቻለሁ። ባለፉት ሃያ ዓመታት ለገጠር ሴት ልጅ ከተከፈቱት በሮች ትልቁ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ለአንዲት ልጅ ትምህርት፣ ሥራና ክብር በአንድ በር ገብተው ሲመጡ ብዙ ጊዜ አላየንም።

ችግሩ ከበሩ በኋላ ያለው ክፍል ጠባብ መሆኑ ነው።

ሥራው በየዓመቱ ሰፋ። መጀመሪያ ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሥራዋ ማስተማርና መከላከል ነበር። ኋላ በ2001 ዓ.ም. ገደማ ክንድ ላይ የሚቀበረውን የወሊድ መቆጣጠሪያ እንድታስገባ ተደረገ። ጥቂት ቆይቶ የሕፃናትን የሳንባ ምች በመድኃኒት እንድታክም ተፈቀደላት። ቀጥሎ የጨቅላ ሕፃናት ሕክምና መጣ። የወባ ምርመራው፣ የተመጣጠነ ምግብ እጥረት ልየታው፣ የትራኮማ ዘመቻው፣ የማኅበረሰብ ጤና መድን ምዝገባው፣ ኮሮና ሲገባ የቤት ለቤት አሰሳው፣ ኋላም የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ትምህርቱ ሁሉ ለእሷ ተሰጠ። ፓኬጁ ከ16 ወደ 18 አደገ። ለእያንዳንዱ ሥራ መዝገብ፣ ለእያንዳንዱ መዝገብ ሪፖርት አለ። እነዚህ ሥራዎች አላስፈላጊ ናቸው የሚል ሰው የለም፤ ብዙዎቹ የሕፃናትን ሕይወት በቀጥታ ያተረፉ ናቸው። ሁለት የነበሩት እጆች ግን ሁለት እንደሆኑ ቀሩ። በዚህ ላይ ቀበሌው ሕዝብ መሰብሰብ በፈለገ ቁጥር፣ ስብሰባው ከጤና ጋር ባይገናኝም፣ መጀመሪያ የሚላከው ወደ እሷ ነው፤ ሁሉን ቤት የምታውቀው እሷ ናትና።

ዕድገቷስ? ከጤና ኬላው በላይ ያለው ወንበር አብዛኛውን ጊዜ የወንድ ነው። አስተባባሪው፣ የጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤ ሪፖርቷን ተቀብሎ «አነስተኛ» ወይም «ከፍተኛ» የሚለው ሰው ያን ገደል በእግሩ ወርዶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ከደረጃ ሦስት ወደ ደረጃ አራት የማሻሻያ ትምህርት ተጀምሮ ብዙዎች ተምረዋል፤ ተራው እስኪደርስ ግን ዓመታት ይፈጃል። አንዳንዶቹ ከገዛ ኪሳቸው እየከፈሉ በሳምንት መጨረሻ ከጤና ጋር የማይገናኝ ዲግሪ ይይዛሉ፤ ዓላማው መውጣት ነው። ትዳር ይዛ ባሏ ሌላ ወረዳ የሆነ እንደሆነ፣ ዝውውር ስትጠይቅ «ቀበሌሽን ለማን ትተሽ?» የሚል መልስ ይጠብቃታል። ከአካባቢው መመልመሏ እንደ ብልሃት የተጀመረ ነገር ነበር፤ ውሎ ሲያድር ግን ማሰሪያዋ ሆነ።

አንድ ነገር ደጋግሜ ባስበው አይዋጥልኝም። ይህች ሴት በየቤቱ እየገባች «ስድስት ወር ጡት ብቻ፣ ውኃ እንኳ እንዳታቀምሺው» እያለች ታስተምራለች። እሷ ራሷ ስትወልድ ግን የወሊድ ፈቃዷ ሕፃኗ ስድስት ወር ሳይሞላው ያልቃል። የቀበሌው ሁለተኛዋ ሠራተኛ ለወራት ብቻዋን የሁለት ሰው ሥራ ስትሠራ ስለከረመች፣ አራሷም ለባልደረባዋ አዝና፣ ልጇን ለጎረቤት ትታ ወይም አዝላ ወደ ሥራ ትመለሳለች። ለሌሎች የምታስተምረውን ለራሷ ልጅ ማድረግ ሳትችል ትቀራለች።

የሥራ ቦታዋም እንዲሁ ነው። ብዙ ጤና ኬላ የቧንቧ ውኃም መብራትም የለውም። እጅ መታጠብን የምታስተምር ሴት የምትታጠብበትን ውኃ በጀሪካን ቀድታ ታመጣለች። መኖሪያ ቤት ካልተሠራላት በጤና ኬላው ጓዳ ታድራለች ወይም ከገበሬ ቤት ትከራያለች። ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ቤት ድረስ ስትጠራ፣ ብቻዋን ጨለማ ውስጥ መሄድ አለባት። ወጣት ሴት ብቻዋን በየጫካው በየወንዙ ስትሄድ ምን እንደምትፈራ ልዘረዝር አያስፈልግም፤ ሴት ልጅ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። በስልጠናው ውስጥ ስለዚህ ነገር የተማረች አንዲት ሠራተኛ እስካሁን አላጋጠመችኝም።

አሁን ወደ ሁለተኛዋ ሴት ልመለስ፤ ስሟ የትም የማይጻፈው እሷ ናትና።

እሷ የምትመራውን ዓይነት ቡድን የያዘው የሴቶች ልማት ሠራዊት የተዋቀረው በ2003 ዓ.ም. ገደማ ነው። ሰላሳ የሚያህሉ ቤተሰቦች በአንድ ቡድን፣ ቡድኑም በአንድ ለአምስት ተከፍሎ፣ በየቡድኑ አርአያ የተባለች እናት መሪ ሆነች። ሥራዋ ብዙ ነው። ነፍሰ ጡር ስትገኝ ለኤክስቴንሽኗ ትነግራለች፤ የመውለጃዋ ቀን የቀረበችውን ወደ ጤና ጣቢያው የእናቶች ማቆያ ታደርሳለች፤ ለማቆያው ገንፎ ዱቄት ታዋጣለች፣ ታሰባስባለች፤ አምቡላንስ የማይገባበት ቦታ ከሆነ ቃሬዛ የሚሸከሙ ወንዶችን ትጠራለች። ክትባት የቀረበትን ሕፃን እሷ ታውቀዋለች። ጤና ኬላው ያለ እሷ ዓይንም ጆሮም የለውም። በመላ አገሪቱ እንዲህ ያሉ እናቶች በሚሊዮን ተቆጥረዋል።

ይህ የእኛው ባህል ነው፣ መረዳዳት ነው፣ ገንዘብ ካስገባንበት ይበላሻል የሚሉ ሰዎች አሉ። ክርክራቸውን አላቃልለውም። ዕድርም፣ ደቦም፣ ጅጌም የዚህ ሕዝብ ሀብት ናቸው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲባል ሰምተን አድገናል። ግን ሎሚው ዛሬ በማን ራስ ላይ ነው? በደቦ ዛሬ እኔ ለአንተ ብወጣ ነገ አንተ ለእኔ ትወጣለህ። ለወለደች ጎረቤት ገንፎ ማገንፋት፣ ቡና ማፍላት ፍቅር ነው፤ ማንም ዋጋ ሊያወጣለት አይገባም። ኮታ ያለው፣ በወር ሪፖርት የሚቀርብበት፣ ግምገማ የሚካሄድበት፣ «ለምን ቀረሽ?» የሚባልበት ነገር ግን ሥራ ነው። በመንግሥት ዕቅድ ውስጥ የገባ፣ ውጤቱም በመንግሥት ሪፖርት ውስጥ የሚቆጠር ሥራ ነው። ስሙን በጎ ፈቃድ ብንለው የጠፋውን ጊዜዋን አይመልስላትም። ደግሞም ለምን ይሆን በጎ ፈቃድ ሁልጊዜ ከእናት የሚጠየቀው? ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓለም ላይ ከሚሠራው ክፍያ አልባ የእንክብካቤ ሥራ ሰዓት ሦስት አራተኛው በሴቶች የሚሠራ መሆኑን አሳይቷል። የገጠር እናት ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ ታርማለች፣ ልጅ ታሳድጋለች። በዚህ ሁሉ ላይ ነው የመንግሥት ሥራ የተጨመረባት።

ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በሕንድ አሻ ተብለው የሚጠሩ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የመንደር ጤና ሠራተኛ ሴቶች አሉ፤ እነሱም በጎ ፈቃደኛ ይባላሉ፣ የሚሰጣቸውም ደመወዝ ሳይሆን አበል ነው። በ2012 ዓ.ም. ነሐሴ፣ ኮሮና በበረታበት ወር፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩት ክፍያና መከላከያ ቁሳቁስ ጠይቀው ሥራ አቁመው ነበር። በ2014 ዓ.ም. ግንቦት የዓለም ጤና ድርጅት ሸለማቸው። የሽልማቱን ክብር አልነካም፤ የጠየቁት ግን ደመወዝ ነበር። ይኸው ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ለሥራቸው የሚመጥን ክፍያ እንዲያገኙ መክሯል። ድርጅቱን ያኔም አሁንም የሚመሩት ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ናቸው፤ የሴቶች ልማት ሠራዊት ሲዋቀር የጤና ጥበቃ ሚኒስትራችን እሳቸው ነበሩ። ስለዚህ ይህ ምክር ከእኛ ተሞክሮ የራቀ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ሐሳብ ነው ሊባል አይችልም።

«ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ነው። ለሚሊዮኖች ደመወዝ መክፈል እንደማይቻል አውቃለሁ። ግን ሚሊዮን መሪ ያስፈልጋል ያለው ማን ነው? ለአንድ ጎጥ አንዲት በሚገባ የተመረጠች፣ የሠለጠነች፣ በሳምንት የተወሰነ ቀን የምትሠራና ለዚያው ቀን የሚከፈላት ሴት ከሃያ ስማቸው ብቻ ከተመዘገበ መሪዎች የተሻለ ውጤት ታመጣለች። ይህን የምለው ብዙዎቹ ቡድኖች በወረቀት ብቻ የቀሩ መሆናቸውን በየሄድኩበት ስላየሁ ነው። የወረቀት ቡድን ደግሞ የወረቀት ሪፖርት ይወልዳል።

የውጭ ገንዘብም አያዋጣም። በ2017 ዓ.ም. ጥር የአሜሪካ ርዳታ በድንገት ሲቋረጥ፣ በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ውላቸው ተቋረጠ። በየወረዳው በጀት የሚከፈላት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ግን በማግስቱም ጤና ኬላዋ ነበረች። ትንሽ ቢሆንም ከገዛ ኪስ የሚወጣ ገንዘብ ምን ያህል እንደሚያጸና ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ደግሞ ሐኪሞችና ነርሶች የደመወዝ ጥያቄያቸውን አንሥተው ሥራ እስከ ማቆም ደረሱ፤ የታሰሩም ነበሩ። ጥያቄያቸው ፍትሐዊ ነበር። በዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ ግን የጤና ኬላዋ ሴት ስትነሣ ብዙም አልሰማሁም። ሆስፒታል ውስጥ ያለ ሰው ድምፁ ይሰማል፤ ገደል ሥር ያለችው አትሰማም።

በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ግን ያልሸሸችው እሷ ናት። በትግራይ የመንግሥት ሠራተኞች ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ደመወዝ ኖረዋል፤ በአማራና በአፋርም ጤና ጣቢያዎችና ጤና ኬላዎች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ከከተማ የመጣ ባለሙያ ወደ ዘመዶቹ ሲሄድ፣ የቀበሌዋ ልጅ የት ትሄዳለች? ቤቷ እዚያው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ደግሞ ያ እኔ በሌሊት የሄድኩበት ዓይነት መንገድ ዛሬ በሌሊት የሚሄዱበት አይደለም። ሳጥን የተሸከመች ሴት ምን እንደያዘች ለስንቱ ማስረዳት ይኖርባት ይሆን?

ወደፊት ይህን ሥራ የሚረከበው ማን እንደሆነም ያሳስበኛል። ፕሮግራሙ ሲጀመር 10ኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ወደ ሙያ ስልጠና የምትገባበት መንገድ ነበር። የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ቀርቷል፤ የትምህርት መዋቅሩ ተቀይሯል፤ የሙያው ደረጃም ከፍ እያለ ነው፤ ከፍ ማለቱ ተገቢ ነው። ሆኖም የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት እዚህ ላይ ይመጣል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ነበሩ። በ2015 ብቻ ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እንጨት ለቅማ፣ ውኃ ቀድታ፣ ሁለት ሰዓት ተጉዛ ትምህርት ቤት የምትደርስ የገጠር ልጅ በዚያ ወንፊት እንዴት ታልፋለች? የመግቢያውን በር ከፍ አድርገን ወደ በሩ የሚያደርሰውን ደረጃ ካልሠራን፣ የጤና ኬላው ወንበር ከከተማ በሚመጡና እስኪዛወሩ ቀን በሚቆጥሩ ወጣቶች ይያዛል። ያቺ «የማን ልጅ ቀረ?» ብላ በስም የምትጠይቅ ሴት ትጠፋለች። የገጠር ሴት ልጆችን በተለየ ድጋፍ፣ በማጠናከሪያ ትምህርትና በማደሪያ ደግፎ እስከ ሙያው የሚያደርስ መንገድ መሥራት ስለዚህ የትምህርት ሚኒስቴር ብቻ ሥራ አይደለም፤ የጤናውም ነው።

ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. እስከ 2035 የሚዘልቅ ፍኖተ ካርታ አዘጋጅቶ ጤና ኬላዎችን እንደ አካባቢያቸው ለማደራጀት፣ የባለሙያውን ስብጥር ለማስፋት ጀምሯል። አቅጣጫው መልካም ነው። በአዲሱ መዋቅር ግን ነርሷና አዋላጅዋ ሲመጡ የቀድሞዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ተላላኪ እንዳትሆን እሠጋለሁ። ሃያ ዓመት ያን ቀበሌ ያወቀች ሴት ጤና ኬላውን ለመምራት የመጀመሪያ ተራ ሊሰጣት ይገባል። የትምህርቱ ዕድል ለእሷ ቀድሞ ይምጣ፤ ዝውውሩ በዓመታት የተወሰነ መብት ይሁን፤ ስትወልድ ተተኪ ይመደብ፤ ሌሊት ስትጠራ አብሯት የሚሄድ ሰው ቀበሌው በግዴታ ያቅርብ። ይህ የመጨረሻው ገንዘብ አያስወጣም፤ የሚያስፈልገው አንድ የቀበሌ ውሳኔ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደመወዝ የሚከፈለው ከወረዳ በጀት ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ስለዚህ ወረዳዎች በጀታቸው ላይ የሚነጋገሩት በዚያው ሰሞን ነው። የበጀት ሰነዱ ለነዳጅ፣ ለውሎ አበል፣ ለጽሕፈት መሣሪያ መደብ አለው። ለጎጧ ሴትም አንድ መደብ ይከፈትላት፤ መጀመሪያ በጥቂት ወረዳዎች ተሞክሮ ይታይ። ስንት ይከፈላት የሚለውን ለማስላት ከየት እንደሚጀመር ለሚጠይቀኝ የምነግረው አለኝ። ያን የግንቦት ቀን እኔና ኤክስቴንሽኗ ሳጥኑን ይዘን ሳንደርስ፣ እትዬ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምራ ዛፉ ሥር እንደነበረች እናቶቹ ነግረውኛል። የሄደችው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ስምንት ሰዓት ሙሉ ሠርታለች።